ወክ፣ ዱብ ዱብ፣ ገመድ ወይስ ጂም? ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል የአዲስ አበባ ሰው የምርጫ መመሪያ

ስፖርት ልጀምር የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ቶሎ ቦርጭ ያጠፋል?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ አለው፤ ወደታች እንመጣበታለን። ከእሱ የሚቀድም ግን አለ፦ በሳምንት ውስጥ እውነት የራስዎ የሆነው ሰዓት የቱ ነው? በዚያ ሰዓትስ ሰፈርዎ ምን ይመስላል? ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰውና ቢሮው ከቤቱ 10 ደቂቃ የሆነ ሰው አንድ ዓይነት ስፖርት አይሆናቸውም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖርና ግቢ ያለውም እንዲሁ። በጉጉት ተጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት የሚቆም ስፖርት ሁሉ በስንፍና አይሳበብም፤ ሰዓቱና ቦታው ሳይገጥም የቀረ ብዙ ነው።

መመዘኛው

አማራጮቹን ሁሉ በአንድ ሚዛን እንመዝናለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ18 እስከ 64 ዓመት ላለ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ ወይም የሁለቱን ድብልቅ ይመክራል። በዚያ ላይ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያሠራ የጉልበት ልምምድ ይጨምራል። ሰው የመጀመሪያዋን ያውቃታል፣ ሁለተኛዋን ይረሳታል። በየቀኑ ወክ የሚያደርግ ሰው እንኳ ከ40 ዓመት በኋላ ጀሪካን ማንሳት የሚከብደው እሷን ስለዘለለ ነው።

መካከለኛ የሚባለው እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት ነው። ጠንካራ የሚባለው ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ለመሳብ የሚያቋርጡበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ መለኪያ በኪሎ ሜትር ከመቁጠር ይሻላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ ነው፣ ዳገቱም አያልቅም። ሌላ ቦታ በ6 ደቂቃ የሚያልቅ ኪሎ ሜትር እዚህ 7 ቢፈጅ ሰውየው ሰንፎ አይደለም። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ያህል ከለመደው ቀነስ አድርጎ ይጀምር።

ወክ

ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኛ ግን ለአብዛኛው የቢሮ ሰው በመጀመሪያ የምንመክረው እሱን ነው። ልብስ መቀየር አይጠይቅም፣ ገላ መታጠቢያ አይፈልግም፣ ጉልበት አይጎዳም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሥራ መሄጃና መመለሻ ጋር ይዋሃዳል። ታክሲ ወይም አውቶቡስ ከመድረሻዎ የ15 ደቂቃ መንገድ ሲቀር ይውረዱ፤ ማታም እንዲሁ 15 ደቂቃ በእግር ሄደው ይሳፈሩ። በቀን 30 ደቂቃ በ5 የሥራ ቀን ልክ 150 ይሆናል። ሌላ ሰዓት አልነኩም ማለት ነው።

የሚበላሸው ፍጥነቱ ላይ ነው። ከጓደኛ ጋር እየተጨዋወቱ፣ ሱቅ እያዩ፣ ስልክ እየነካኩ የሚሄዱት ወክ ለመንፈስ ጥሩ ነው፣ ለልብ ግን አይቆጠርም። ለማረጋገጥ 15 ሰከንድ ይዘው እርምጃዎን ይቁጠሩ፤ 25 ከሞላ በደቂቃ 100 ስለሚሆን መካከለኛ ደረጃ ላይ ነዎት። 20 ከሆነ ገና ሽርሽር ላይ ነዎት። መንገዱ ዳገት ከሆነ ቁጥሩ ቢያንስም ችግር የለውም፤ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር መውረድና ያንኑ መንገድ መልሶ መውጣት አንድ አይደለም። ጠዋት ቁልቁል ሄደው ማታ ዳገቱን ቢወጡ ላብዎን ይዘው የሚገቡት ቤትዎ ነው፣ ቢሮ አይደለም። ይቺን ትንሽ ነገር ማሰብ ብቻ ልማዱን ታቆያለች።

ጫማ በተመለከተ ቀላል ነው፦ ቢሮ ተረከዝ ያለው ወይም ደረቅ ቆዳ ጫማ የሚያደርግ ሰው ጠፍጣፋና ለስላሳ ጫማ በቦርሳ ይያዝ።

ጭሱ ግን ቀላል አይደለም። ዋናው አስፋልት ዳር፣ በተለይ ዳገት ላይ የቆዩ መኪኖች የሚያገሱበት ቦታ፣ በፍጥነት እየተነፈሱ መሄድ የሚያስገኘውን ጥቅም ይሸራርፋል። አንድ መንገድ ገባ ብሎ በውስጥ ለውስጥ መሄድ 5 ደቂቃ ቢጨምርም ያዋጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ጠዋቶች ጭሱ ወደ ላይ ሳይነሣ መሬት ላይ ስለሚተኛ በእነዚያ ወራት የጠዋቱን ወደ ማታ ማዞር ይሻላል። ኅዳር 12 ቀንማ፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ውጭ የሚሠራ ስፖርት ይለፍዎት፤ ልማዱ የመጣው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው፣ በዚያ ቀን ከየደጁ የሚወጣው ጭስ ግን ለሳንባ የሚስማማ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም፦ ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መሄድ በደም ውስጥ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል፣ ምክንያቱም የሚሠራ የእግር ጡንቻ ስኳሩን ይወስዳል። ምሳ በልቶ ወንበር ላይ ለሚያንቀላፋ ሰው ከሁለተኛ ቡና ይልቅ ይህ ይረዳዋል።

ዱብ ዱብ

ሩጫ ጊዜ ይቆጥባል፤ በሳምንት 75 ደቂቃ፣ ማለትም 25 ደቂቃ ለ3 ቀን ይበቃል። በምላሹ ደግሞ ከሁሉም አማራጮች ይበልጥ ሰው የሚጎዳበት እሱ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ ትንፋሽ በ3 እና 4 ሳምንት ይላመዳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት ላይ ሰውየው «ቀለለኝ» ብሎ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ ቅልጥሙ ወይም ጉልበቱ ስር ያመዋል፤ ያቆማል።

እንዲህ ይጀመር፦ ለ5 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ዱብ ዱብ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ 8 ጊዜ። በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለሉ። በሁለት በሁለት ሳምንት የሩጫውን ደቂቃ በ1 ይጨምሩ እንጂ ፍጥነቱን አይጨምሩ። እየሮጡ አጭር ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ከእርምጃ ብዙም የማይፈጥን ዱብ ዱብ ቢሆን ነውር የለውም። ቅልጥምዎን በጣት ሲጫኑት አንድ ቦታ ላይ ለይቶ የሚያም ከሆነ 1 ሳምንት ወደ ወክ ይመለሱ፤ ሳይሻልዎት ከቀጠሉበት አጥንቱ እስከ መሰንጠቅ ሊደርስ ይችላል።

ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚዘጋጅ ሰው ይህን ይያዝ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ይህ ውድድር 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚውለውም ኅዳር ውስጥ ነው። ቲሸርቱን ካገኙ በኋላ በ2 ሳምንት የሚደረግ ዝግጅት እግር ከማሳመም አያልፍም። መስከረም ሲጠባ ተጀምሮ 10 ሳምንት ሲሠራበት ግን ዳገቱም ይቀልላል።

ጫማ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። አዲስ የሩጫ ጫማ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ሰልባጅ ይገዛል፤ መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ ማየት ግን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ጫማውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከኋላ ይመልከቱት፤ ተረከዙ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ የቀድሞ ባለቤቱ አረማመድ ታትሞበታል፣ ይተዉት። ሁለተኛ፣ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ስፖንጁ ገባ ብሎ ካልተመለሰ ወይም እንደ እንጨት ከደረቀና የተሸበሸበ መስመር ካወጣ አልቋል። ሦስተኛ፣ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ጋ ነው፣ ወገቡ ላይ የሚታጠፍ ጫማ እግርን አይዝም። ላዩ አዲስ የሚመስል፣ ታጥቦ የነጣ ጫማ ውስጡ የሞተ ሊሆን ይችላል። የሩጫ ጫማ ዕድሜው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ እዚህ ጋ ሁሌ ይነሣል፤ እሱ ግን ያንን እግር ይዞ ነው ያደገው፣ ወንበር ላይ 15 ዓመት ተቀምጦ አልመጣም።

የት ይሮጥ? አፈር ወይም ሣር ያለበት ሜዳ ከአስፋልት ይሻላል፤ ጃንሜዳን የመሰለ ቦታ አጠገቡ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹን እየተከተሉ መመላለስ ደስ ይላል፣ ሰውም ስለሚበዛ ያበረታታል። ችግሩ አጠገብዎ የሚያልፈው ልጅ አትሌት ሊሆን ይችላል፤ የእሱን ፍጥነት ተከትለው አይውጡ። እንጦጦ ጫካው ንጹሕ አየር አለው፤ ከፍታው ግን ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ጀማሪ እዚያ በወክ ይጀምር።

ጎህ ሳይቀድ የሚወጣ ሰው ስለ ውሻም ያስብ። ሲከቡዎት አይሩጡ፤ ቆም ብለው ፊት ለፊት እያዩ ቀስ ብለው ያፈግፍጉ። ከነከስዎት ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ማደር አያስፈልግም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ገመድና ደረጃ

ጊዜ ለሌለው፣ ውጭ መውጣት ለማይመቸው፣ ክረምት ለገባበት ሰው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ገመድ መዝለል በደቂቃ ሲሰላ ከዱብ ዱብም በላይ ኃይል ያስወጣል። ርዝመቱ የሚለካው መሃሉን በአንድ እግር ረግጠው ነው፤ ሁለቱ መያዣዎች ብብት ጋ ሲደርሱ ልክ ነው። ረጅም ከሆነ መሬት ላይ እየተጠቀለለ ያደናቅፋል። 30 ሰከንድ ዘለው 30 ሰከንድ ያርፉ፣ 10 ጊዜ፤ በቃ 10 ደቂቃ ነው። ከመሬት መነሣት ያለብዎት ገመዱ እስኪያልፍ ብቻ፣ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚሽከረከረው አንጓ ነው፣ ክንድ ሙሉውን ከዞረ ትከሻ ይደክማል። ሴራሚክ ላይ አይዝለሉ፤ ጠንካራም አዳላጭም ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከስርዎ የሚኖረው ጎረቤት ጣሪያው ላይ ከበሮ እየተመታ መሆኑን አይርሱ፤ ወርዶ ግቢው ውስጥ መዝለል ሰላም ያወርዳል። ክብደቱ የበዛና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ይለፈው።

ሁለተኛው ደረጃ ነው። ብሎክዎ ጂ+4 ከሆነና ሊፍት ከሌለው ነፃ መሣሪያ አለዎት። ከምድር እስከ አራተኛ ሳያቋርጡ መውጣት፣ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት 3 ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 1 እየጨመሩ እስከ 8። መውጣቱ ልብን ያሠራል፤ በማግስቱ ጭን የሚያሳምመው ግን መውረዱ ነው፣ ምክንያቱም ጡንቻው እየተሳበ ክብደት ስለሚያቆም ነው። ስለዚህ ሲወርዱ ሀዲዱን ይያዙ፣ አይዝለሉ። ሙሉ እግርዎን ይርገጡ፤ በጣት ብቻ መውጣት ባትን ያጨማድዳል።

ጂም

ጂም ሲከፈል ነገሩ የተጀመረ ይመስላል። ደግሞም ለአንዳንድ ሰው እውነት ነው፤ ገንዘቤ እንዳይባክን ብሎ የሚሄድ አለ። ነገር ግን የ6 ወር ከፍሎ በ6ኛው ሳምንት የሚጠፋው ብዙ ስለሆነ «በረጅም ጊዜ ክፍያ ቅናሽ አለ» የሚለው ቅናሹ ለማን እንደሆነ ያስቡበት። መጀመሪያ የ1 ወር ብቻ ይክፈሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ሊሠሩበት ባሰቡት ሰዓት ሄደው ይዩት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ባዶና ያማረ ጂም ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ወረፋ ሊሆን ይችላል። ከቤት ወይም ከቢሮ በእግር ከ15 ደቂቃ በላይ ከራቀ አይቆዩበትም። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር አላቸው ወይ? ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ እየሮጡበት ያለ ትሬድሚል ድንገት ሲቆም ወደ ፊት ይጥላል። ውሃ ሲጠፋስ? አሠልጣኙ ለጀማሪ አቀማመጥ ያርማል ወይስ ስልኩ ላይ ነው? እነዚህን አይቶ መወሰን ከመሣሪያው ብዛት ይበልጣል።

ስቲም እና ሳውና፣ እንዲሁም ላስቲክ ለብሶ መሮጥ፣ ቦርጭ አያቀልጥም። ሚዛን ላይ 1 ኪሎ ቢቀንስ የወጣው ውሃ ነው፤ ሁለት ሃይላንድ ሲጠጡ ይመለሳል። ላስቲኩ እንዲያውም ሰውነት ራሱን እንዳያቀዘቅዝ ስለሚከለክል ራስ ያዞራል፣ ሊጥልም ይችላል።

ጉልበት በቤት ውስጥ፦ ጀሪካኑ

ለጉልበት ልምምድ ጂም የግድ አይደለም። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን ጀሪካን ክብደቱ በፈለጉት መጠን የሚስተካከል ዱምቤል ነው። የሰፈር ልጆች በጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው ከሚሠሩትም ይሻላል፤ ሲሚንቶው አንዴ ከደረቀ አይቀንስም አይጨምርም።

ጀሪካኑን በግማሽ አይሙሉት። ባለ 20 ሊትር ላይ 10 ሊትር ቢያደርጉ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየተንገዋለለ አንጓዎን ይጠመዝዘዋል። ባለ 10 ሊትሩን አፉ ድረስ መሙላት ይሻላል። ክዳኑ ስር ላስቲክ ያድርጉ፣ አለዚያ ወለሉ ይርሳል። መያዣው ጣት ስለሚቆርጥ ጨርቅ ይጠምጥሙበት።

በሳምንት 2 ቀን፣ በመሃሉ ቢያንስ 1 ቀን አርፈው፣ እነዚህን ይሥሩ፦

ቁጭ ብድግ፦ ትምህርት ቤት በቅጣት የምናውቀው ነው፣ ጂም ውስጥ ስኳት ይሉታል። ከኋላዎ ወንበር አድርገው መቀመጫዎ ወንበሩን ሲነካ ይነሡ። ተረከዝ ከመሬት አይነሣ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ አይገናኝ። 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ሲቀልልዎት 5 ሊትር ጀሪካን ደረት ላይ አቅፈው ይሥሩት።

ፑሽ አፕ፦ መሬት ላይ 3 ከመንቀጥቀጥ ግድግዳ ላይ 12 በትክክል መሥራት ይበልጣል። ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከጠረጴዛ ወደ ወንበር፣ ከዚያ ወደ መሬት ይውረዱ። አንዱ ደረጃ ላይ 12 ጊዜ 3 ዙር ሲሞላ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፉት። ሰውነት እንደ ጣውላ ቀጥ ይበል፤ ሆድ ከሰመጠ ወገብ ያማል።

መጎተት፦ አንድ እጅ ወንበር ላይ ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሌላው እጅ 5 ሊትር ጀሪካን ወደ ጎን አጥንትዎ ይሳቡ። በእያንዳንዱ እጅ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ኮምፒዩተር ላይ ለጎበጠ ትከሻ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፣ ሰው ግን ደረቱን ብቻ እየሠራ ይረሳዋል።

ተሸክሞ መሄድ፦ በሁለት እጅ እኩል የሞሉ 10 ሊትር ጀሪካኖች ይዘው ቀጥ ብለው 40 ሰከንድ ይሂዱ፤ 3 ጊዜ። ሲያነሡም ሲያስቀምጡም ጉልበትዎን ይጠፉ። ወገብ ተቀጭቶ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ሲያነሡ ነው፣ ሲሸከሙ አይደለም።

ሲት አፕ ለምን የለም? ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ በላዩ ያለውን ስብ ግን መርጦ አያነሣም። ሰውነት ስብ የሚወስደው ከፈለገው ቦታ ነው። በቀን 200 ሲት አፕ የሚሠራና ቦርጩ ያልተነቃነቀ ሰው በየሰፈሩ አለ።

ስለ ቦርጭ የተገባው መልስ

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ30 ደቂቃ ፈጣን ወክ ወደ 140 ካሎሪ ያወጣል፤ በ30 ደቂቃ ዱብ ዱብ ወደ 270፤ በ10 ደቂቃ ገመድ ወደ 125። አሁን ወደ ሌላው ወገን እንምጣ፦ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ 130 ካሎሪ ገደማ። ግማሽ ሰዓት የሄዱበት በ3 ደቂቃ ተመለሰ። ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር በቀን 4 ጊዜ የሚጠጣ ሰው ወደ 48 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ ሙሉ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ወጡ ላይ ተንሳፍፎ የሚታየው ዘይት ስንት ማንኪያ እንደሆነ ይገምቱ።

ስለዚህ ቦርጭ ለመቀነስ ከማንኪያው የሚጀምር በሩጫ ከሚጀምር ይቀድማል። ከስኳሩ በ2 ሳምንት አንድ ማንኪያ ብቻ ይቀንሱ፣ ምላስ ሳያውቀው ይላመዳል። በአንዴ ሙሉ በሙሉ የተወ ብዙ ጊዜ ይመለስበታል። ዘይቱን በተመለከተ፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ቧንቧ የሚያደፍን ዓይነት ስብ ነው፤ የሱፍ ዘይት ከአሥር እጁ አንዱ ያህል ነው። የሚያወፍሩት ግን ሁለቱም እኩል ነው። የሽንኩርቱን ማቁላላት ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረጉ መጀመርና ዘይቱን በመጨረሻ ለክቶ መጨመር ጣዕሙን ሳይነካ ግማሹን ይቀንሳል።

ለውጡን በሚዛን ብቻ አይከታተሉ። ሜትር በእምብርት ዙሪያ ያዙሩ፣ ሆድ ሳይሳብ፣ ትንፋሽ አውጥተው። ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለልብና ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድል ይጨምራል። በየ4 ሳምንቱ ጠዋት መለካት ይበቃል።

ጾም

እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ጿሚ ወክ በማንኛውም ሰዓት ማድረግ ይችላል። ገመድ፣ ሩጫና ጀሪካን ግን ወይ ከመብላት 1 ሰዓት በፊት፣ ወይ ከበሉ 2 ሰዓት በኋላ ይሁኑ። ውሃም በማይጠጣበት ጾም፣ እንደ ረመዳን፣ ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ዝግ ያለ ወክ፣ ከኢፍጣር ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጉልበት። ጠዋት ሮጦ ቀኑን ሙሉ ተጠምቶ መዋል አያስፈልግም።

በጾም ወፍሮ የሚወጣ ሰው አለ፤ ምክንያቱ ፓስታ፣ ዳቦና ዘይት የበዛበት ወጥ ነው። የጉልበት ልምምድ የጀመረ ሰው ከምስር፣ ከባቄላና ከሽንብራ በየቀኑ ይያዝ። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ፣ በተለይ ከስቅለት ስግደት በኋላ፣ ጭንና ወገብ ለቀናት ስለሚያም የቁጭ ብድግ ቀን አይያዙ።

ማን ምን ይምረጥ

ከዜሮ የሚጀምር፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል፦ ወክ በሥራ ቀን፣ ጀሪካን ቅዳሜና ረቡዕ። ሌላ ምንም አይጨምር ለ8 ሳምንት። ትንሽ ልጆች ያሏት እናት ከቤት መውጣት ካልተመቻት ገመድ 10 ደቂቃ፣ ጀሪካን 2 ቀን፤ ከወለደች በቅርብ ጊዜ ከሆነ ገመዱን ሐኪም ካያት በኋላ፣ እስከዚያ ወክ። ብቻውን ሲሆን የሚያቆም፣ ሰው ሲያይ የሚሠራ ሰው ጂም ይክፈል፣ ይገባዋል። ሹፌርና ባለሱቅ ደግሞ በየ1 ሰዓቱ ተነሥተው 2 ደቂቃ መንቀሳቀሱን ከሁሉም ያስቀድሙ።

ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ወክን ይምረጥ፣ ግፊቱ 180/110 ከደረሰ መጀመሪያ ሐኪም ይይ። ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ከረሜላ በኪሱ ይያዝ፣ ማታ ጫማውን አውልቆ ውስጥ እግሩን ይመልከት። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረት መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ወይም ራስን መሳት ከመጣ በዚያው ማቆምና ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ለነገ አይባልም።

ዕድሜያቸው 65 ላለፈ አባትና እናት ወክ ብቻውን አይበቃም፤ የሚሰብራቸው መውደቅ ስለሆነ በሳምንት 3 ቀን የሚዛን ልምምድ ይጨመርላቸው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ወይም የከበደ ወንበር በሁለት እጅ ይዘው በአንድ እግር 10 ሰከንድ ይቁሙ፣ ከዚያ በሌላው፤ 5 ጊዜ። ሲላመዱት በአንድ እጅ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ብቻ። ነጠላ ጫማ አውልቀው፣ ምንጣፉ ተነሥቶ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ። ቡና እስኪፈላ ያልቃል።